ሽፋና የጉደሯ አዞ

ሽፋ ሱቋን የዘጋችው በንዴት ነው። የቆርቆሮውን በር ስታላጋው ከጎን ያለው ባጃጅ ጠጋኝ ከመሬት ቀና ብሎ «ምነው እትዬ ሽፋ፣ በገበያ ቀን?» አላት።

«ልጄን ላመጣ ነዋ! ከአዞ ጋር ኒካህ አስራ ቀረችብኝ እኮ! ሰምተሃል? ከአዞ ጋር!»

መስማቱንስ ሰምቷል። አምቦ ገበያ ውስጥ ያልሰማ ማን አለ? ሽፋ ሳሙና ስትሸጥም፣ ስኳር ስትመዝንም፣ መልስ ስትመልስም የከረመችው ይህንኑ ስታወራ ነው። ልጇ ኢልሀም ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምትሠራው ጥናት ነው ብላ ጊንደበረት ቆላ ወርዳ፣ ጉደር ወንዝ አሸዋ ውስጥ እንቁላሏን የቀበረች አዞ ትጠብቃለች። ሰው ከሚሻገርበት መልካ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በወዲያኛው ዳርቻ፣ ከትልቁ ሾላ ሥር። ሽፋ ቦታውን ሳይቀር ለደንበኛው ሁሉ ዘርዝራለች፤ ምሬት ሲይዛት አፏ መዝጊያ የለውም።

እሁድ ደግሞ የፋሩቅ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ፋሩቅ አዲስ ዓለም ላይ ቴሌቪዥንና ስልክ የሚሸጥ ጨዋ ነጋዴ ነው፤ ሽፋም ልጇን ልትሰጠው ቃል ገብታለች። ሙሽሪት ግን የለችም! ባለፈው ጁምዓ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ደጋው ወጥታ ደውላ፣ «እማ፣ አሁን መምጣት አልችልም፣ ሊፈለፈሉ ነው» ብላ ጀምራ ነበር። ሽፋ የቀረውን ለመስማት አልቆየችም። ስልኩን ዘጋችባት።

ፋሩቅ ይህን ሲሰማ «ብቻዎን እዚያ ገደል አይወርዱም እናቴ፣ እኔም እመጣለሁ» አለ። ክዳን ያለው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜልም ይዞ መጣ። ለኢልሀም ስንቅ ነው አለ። ሽፋ ምራቋን ዋጠች፤ እንዲህ ያለ አማች ይሰጣት ዘንድ ስንት ዱዓ አድርጋ!

ጉደር ከተማን አልፈው በሚኒባስ ወደ ሰሜን ሲንገጫገጩ አረፈዱ። መንገዱ ባለቀበት ቀበሌ ኦቦ ነጋሳ በቅሎውን ይዞ ቆሟል። ነጋሳ የመልካው ሰው ነው፤ ገበያተኛ ሲያሻግር ነው የሸበተው። ኢልሀምንም ያሻገራት እሱ ነው።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ሽፋ፣ እንኳን ደህና...»

«እርስዎ ነዎት ልጄን ለአዞ ያስረከቡት?»

«ኧረ እኔ! አሻግረኝ አለችኝ፣ አሻገርኳት። ለናቻው ያስረከብኳት አስመሰሉት እኮ!» ነጋሳ አዞን በቋንቋው ናቻ ይላታል። ሽፋ ግን በየትኛውም ቋንቋ ስሟን መስማት አልፈለገችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ፊት ፊት መራመድ ጀመረች።

ገደሉ አፍ ላይ ሲደርሱ ምድር አለቀች። ታች፣ እጅግ ታች፣ ወንዙ ቀጭን ቡናማ መስመር ሆኖ ይታያል። መንገዱ ፍየል እንኳ ተጠራጥራ የምትወርደው ዓይነት ነው፤ ድንጋዩ ከእግር ሥር ይሸሻል፣ እሾሁ ቀሚስ ይይዛል። ግማሽ ሳይወርዱ ሰማዩ ከኋላቸው ጠቆረ። ነፋሱ ቁጥቋጦውን ወደ አንድ ጎን አጋደመው፤ ነጎድጓዱ ገደሉን አንቀጠቀጠው። ከዚያ በረዶው ወረደ። ሽምብራ አክሎ ጀመረ፣ ባቄላ አከለ፣ አናት ይጠልዝ ጀመር።

መንገዱ በአፍታ ጅረት ሆነ። ጭቃው ከላይ ተንዶ የበቅሎዋን እግር መታ፤ በቅሎዋ በጉልበቷ ወደቀች፣ ጭነቱም ተዘረገፈ። በዚያው ቅጽበት ሽፋ ዳጣት። በጀርባዋ ተንሸራታ ሄዳ ገደሉ ጠርዝ ላይ አንዲት ክትክታ ጨብጣ ቀረች። እግሮቿ አየር ላይ ናቸው።

«ፋሩቅ! ያዘኝ!»

ፋሩቅ ዘሎ በርሜሉን ያዘ።

እጇን ጨብጦ ያወጣት ነጋሳ ነው፤ በሆዱ ተኝቶ፣ እግሩን ድንጋይ ላይ ተክሎ ጎተታት። ሽፋ ጭቃ በጭቃ ሆና ተነስታ ፋሩቅን አየችው። እሱም በርሜሉን እንዳቀፈ «ለእርስዎ ነጋሳ ቀርቦ ነበር እናቴ፣ እኔ ስንቁ እንዳይጠፋ ብዬ...» አለ። ሽፋ ልታምነው ስለፈለገች አመነችው።

«እንመለስ ይሆን?» አለ ነጋሳ።

«ልመለስ? እኔ ልመለስ? ወላሂ ያቺን ልጅ ጸጉሯን ይዤ ነው ይህን ገደል የማወጣት!»

በረዶው ሲያባራ ቆላው ሞቀ። እንደ እንፋሎት የሚነሳ ሙቀት ፊታቸውን መታው፤ የደጋው ጥድ ቀርቶ ግራርና ቀርከሃ መጣ። ከአንድ ዋሻ ሥር አረፍ ብለው ሽፋ በቅቤ ያሸችውን የገብስ ጭኮ ስትፈታ ከላይ ጠጠር ወረደባት። ቀና ስትል የዝንጀሮ መንጋ ዋሻውን ከቧል። ትልቁ ወንድ፣ ጎፈሬውን ነስንሶ፣ ሳይቸኩል መጥቶ የምግቡን ከረጢት ከእጇ ነጠቀ።

ሽፋ ጮኸች። ጫማዋን አውልቃ ተከተለችው። ዝንጀሮው ዞሮ ጥርሱን አሳያት፤ ጥርሱ የቢላዋ ያህል ነው። ሽፋም የራሷን አሳየችው።

«አንተ ሌባ! አንተ ቀይ ቂጥ! ልጄም ሰውም ያልበላውን ጭኮ አንተ ልትበላ?»

ዝንጀሮው እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ፣ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ከረጢቱን ግን አልለቀቀም። መንጋው እየጮኸ ገደሉን ወጣ። ነጋሳ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ሽፋ ስታፈጥበት ግን ሳቁን ዋጠው።

«በል ፋሩቄ፣ በርሜሉን ክፈተው፣ ካንተ ስንቅ እንቅመስ» አለች።

«ኢልሀም ሳትኖርማ አይከፈትም እናቴ!»

«እሺ ይሁን። ክዳኑን ግን ምን በሳሳው?»

«ዳቦው እንዳይሻግት ነው። አየር ይፈልጋል።»

ስትሸጥ የኖረች ሴት፣ አንዲት ኪሎ ስኳር ጎደለች ብላ ጅምላ አከፋፋይ የምታስለቅስ ሴት፣ ይህችን ዝም ብላ አሳለፈቻት። ንዴቷ ሁሉ ወንዝ ማዶ ስለነበር ነው።

መልካው ላይ ሲደርሱ ጉደር ገና ወገብ አልሞላም፤ ነገር ግን ነጋሳ በቅሎዋን ግራር ላይ አስሮ፣ ሽቅብ እያየ ፊቱን አጨማደደ። «ያ በረዶ ውሃ ሆኖ ይመጣል። ዛሬ ከመጣ መልካው ተዘጋ ማለት ነው። አሁን እንሻገር። መጀመሪያ ግን ድንጋይ!»

የመልካው ወግ ይህ ነው። የሚሻገር ሰው ሁሉ ድንጋይ አንስቶ ውሃው ውስጥ ይወረውራል፣ ይጮሃል፤ ነጋሳ ደግሞ በረጅም ዱላው ውሃውን ይደበድባል። አዞ ጩኸት አይወድም፤ ይሸሻል። አባቶቹም የተሻገሩት እንዲህ ነው። ሽፋ ይህን ወግ በጣም ወደደችው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ እያስከተለች፣ «ይሄ ለአዞዋ! ይሄ ለጥናቱ! ይሄ ደግሞ ስልክ ለማታነሳዋ!» እያለች ወረወረች። ከዚያ ገቡ። ነጋሳ ፊት፣ ሽፋ መሐል፣ ፋሩቅ በርሜሉን አናቱ ላይ ተሸክሞ ከኋላ። ውሃው እስከ ጭናቸው ደርሶ ገፋቸው፣ አሸዋው ከእግራቸው ሥር ተሳበ፤ ግን ተሻገሩ።

ሽፋ ቀሚሷን እንኳ ሳትጨምቅ ወደ ሾላው ገሰገሰች። ግንዱን ታጥፋ ወጣችና ደርቃ ቀረች።

ኢልሀም ጠፍጣፋ ዓለት ላይ በሆዷ ተኝታለች። ከሥሯ፣ ሁለት የሰው ቁመት ዝቅ ብሎ፣ አሸዋው ላይ አዞዋ ተዘርግታለች። ሽፋ አዞ በሥዕል እንጂ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ጀርባዋ የታረሰ መሬት ይመስላል፣ ጅራቷ ብቻ ከሰው ይረዝማል፣ ከተዘጋ አፏ ጥርስ ወጥቷል። ልጇ ደግሞ ከላይዋ ተኝታ ዝም ብላ ታያታለች!

«ያ ረቢ! ኢልሀም!» ሽፋ ያገኘችውን ድንጋይ አንስታ በሙሉ ኃይሏ ወረወረች። «ሂጂ! ሂጂልኝ፣ አውሬ!»

አዞዋ አልሸሸችም። ልጆቿ ሊወጡ የደረሱባት አዞ ድንጋይ አያባርራትም፤ የመልካው ሰዎች ይህን አያውቁም ነበር፣ እሷ እንቁላሏ ላይ ሳለች አጠገቧ ደርሶ ድንጋይ የወረወረ ስለሌለ። በአራት እግሯ ቆመች። ሆዷን ከመሬት አንስታ፣ አሸዋውን ወደ ኋላ እየበተነች በሩጫ መጣች። ሽፋ ወደ ዓለቱ ተፈተለከች። ከዓለቱ ዝቅተኛ ጎን የተዘረጋ አንድ እጅ ነጠላዋን ይዞ ሽቅብ ጎተታት፤ ጉልበቷ ዓለቱ ላይ ተላጠ፣ ከተረከዟ ሥር መንጋጋው ቋ ብሎ ተገጠመ።

«እማ፣ ዝም በይ!» ኢልሀም አፏን በመዳፏ ከደነችው። «ዝም! እንዳትንቀሳቀሺ!»

አዞዋ ከሥር ተነፈሰች፣ ትንፋሿ እንደ ጎማ አየር ፉጨት አለው። ከዚያ ዞራ ወደ አሸዋዋ ተመለሰች።

እናትና ልጅ የተጣሉት በሹክሹክታ ነው። ሽፋ በሹክሹክታ ተጣልታ አታውቅም፤ አንገቷ ላይ ያለው ደም ሥር ሊፈነዳ ደረሰ።

«አንቺ ልጅ አብደሻል! እሁድ ሽማግሌ ይመጣል! ተነሺ!»

«አልነሳም። ማን ሽማግሌ ላክ አለው? እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«ለቅሶሽን ልቀመጥ ኖሯል ያሳደግኩሽ?»

«ስሚ!» አለች ኢልሀም።

«አልሰማም!»

«እኔን አይደለም። እሱን ስሚ።»

ከመሬት ውስጥ ድምፅ መጣ። ጫጩት ይመስላል፣ ግን ከአሸዋ ሥር ነው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል። አዞዋ አንገቷን አዘንብላ አዳመጠች። ከዚያ በፊተኛ እግሮቿ ትምስ ጀመር፣ ያ ሁሉ ክብደት እንቁላሎቹን ሳይጫናቸው፣ በቀስታ። አሸዋው ተንዶ እንቁላል ታየ፤ ከተሰነጠቀው እንቁላል ጣት የሚያክል ጭንቅላት ወጣ። አዞዋ ጎንበስ ብላ አፏን ከፈተችና አነሳችው።

«በላችው!» ሽፋ የልጇን ክንድ ጨመደደች። «የገዛ ልጇን! አየሽ ምን ዓይነት ጉድ እንደምትጠብቂ?»

«አልበላችውም። ዝቅ ብለሽ እዪ።»

ሽፋ ዝቅ ብላ አየች። በጥርሶቹ መሐል ትንንሽ ዓይኖች ወደ ውጭ ያያሉ። አዞዋ ሌላ ጨመረች፣ ሌላም። መውጣት ያቃተውን እንቁላል ምላሷ ላይ አድርጋ አገላበጠችው፤ ቅርፊቱን ብቻ ሰብራ ልጁን አወጣችው። አንድ እንቁላል ሌባ አርጃኖ ከሣሩ ውስጥ ምላሱን እያወጣ ቀረበ፤ ጅራቷን አንድ ጊዜ ስታወራጨው ጠፋ። ከዚያ በሞላ አፏ ወደ ውሃው ወረደች።

«እንቁላሏን ከጣለች ወዲህ አልበላችም» አለች ኢልሀም። «አንዴም ርቃ አልሄደችም።»

ያኔ ፋሩቅ ከሾላው ጀርባ ብቅ አለ። አዞዋ ውሃ ውስጥ ስትገባ ጠብቆ ነው። ሮጦ ጉድጓዱ ጋ ተንበረከከና የበርሜሉን ክዳን ከፈተ። በርሜሉ ባዶ ነበር። የተፈለፈሉትን በሁለት እጁ እየዛቀ መጨመር ጀመረ።

«ፋሩቅ! ምን እያደረግክ ነው?»

«ቀስ ይበሉ እናቴ፣ ትሰማለች! ገዢ አለኝ፣ ለቆዳቸው የሚያሳድጋቸው።»

«ቦታውን ማን ነገረህ?»

ፋሩቅ ግራ ገባው። «እርስዎ ነዎት እንጂ! ሾላውን፣ መልካውን፣ መቼ እንደሚፈለፈሉ... ሱቅዎ ቁጭ ባልኩ ቁጥር ይነግሩኝ አልነበር? እኔ ስለ አዞ ምን አውቅ ነበር?»

ሽፋ ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። «ሽማግሌ የላክኸውስ? ይህን ከነገርኩህ በፊት ነው በኋላ?»

ፋሩቅ ክዳኑን ገጥሞ በርሜሉን አቅፎ ወደ መልካው ሮጠ። ሽፋ እንዲህ ተናዳ አታውቅም። በልጇ ስትናደድ ልቧ እያመማት ነበር፤ ይህኛው ግን ንጹሕ እሳት ነው። «ሌባ! ልጄን ልትወስድ የመጣህ ሌባ!»

በርሜሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ግን ጮኹ። አሁን የጮኹት እንደ ቅድሙ አይደለም። አዞዋ ከውሃው ወጣች።

ፋሩቅ መልካው አፍ ላይ ሲደርስ ጉደር መጥቷል። ቀይ ውሃ ግንድ እየጎተተ ያገሳል። ከኋላው ውሃው፣ ከፊቱ አዞዋ። ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ቆመ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆነ። «በርሜሉን ጣለው!» ቢሉትም ጣቶቹ አልታዘዙለትም። ነጋሳ እንደ ወጉ ድንጋይ አነሳ።

«ኦቦ ነጋሳ፣ ይተዉ! እንዳይወረውሩ!» አለች ሽፋ። «ያኔማ ትበላዋለች!»

ኢልሀም ልትወርድ ተነሳች። ሽፋ አንገትጌዋን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት። «አንቺ ንቅንቅ እንዳትዪ!» ብላ ራሷ ወረደች። የሚቀርበውን ቋጥኝ ታክካ፣ ውሃው ዳር ደረሰች። በርሜሉን ጨበጠች፤ ፋሩቅ አለቀቀም። ክንዱን ቆነጠጠችው፣ ልጅ እንደሚቆነጠጥ፣ አዙራ። ያኔ ለቀቀ።

አዞዋ ክንድ ያህል ርቃለች። ሽፋ በርሜሉን ቀስ አድርጋ አሸዋው ላይ ጋደም አደረገችና ክዳኑን ከፈተችው። ልጆቹ ፈሰሱ። ጀርባዋን ቋጥኙ ላይ ለጥፋ ቆመች። አፏ ውስጥ እርግማን ነበር፣ ዱዓም ነበር፣ ጩኸትም ነበር፤ ሁሉንም ዋጠችው። አዞዋ አፏን ከፍታ ልጆቿን ታነሳ ጀመር፤ ትንፋሿ የሽፋን እግር አሞቀው። አንዱ ልጅ የቀሚሷ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ጮኸ። አዞዋ ቀና ብላ አየቻት።

ሽፋ ጎንበስ አለች። ልጁን ከቀሚሷ አላቅቃ አሸዋው ላይ አስቀመጠችው። ለስላሳ ነበር፣ ሆዱ ይሞቃል። እናቱ አነሳችውና ዞራ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ነው ሽፋ ቁጭ ያለችው። ፋሩቅ ከውሃው ወጣ። «እናቴ፣ ነፍሴን አተረፉልኝ። እሁድ ሽማግሌዎቹ...»

«ሽማግሌዎችህን ራስህ መልሳቸው! ደግሞ እናቴ አትበለኝ! ሁለተኛ እናቴ ብትለኝ፣ ወላሂ፣ ተመልሼ በርሜሉን አስታቅፍሃለሁ!»

ነጋሳ ሽቅብ ሮጦ ወንዙ የሚሰፋበትንና የሚሳሳበትን ቦታ አገኘ። «አሁን ካልሆነ ውሃው እስኪጎድል መሻገር የለም! መቼ እንደሚጎድል አላውቅም! አዴ ሽፋ፣ ይምጡ! ልጅቱንም ያምጡ!»

ሽፋ ከዓለቱ ወርዳ የመጣችውን ልጇን የእጅ አንጓዋን ጨብጣ ተነሳች። የመጣችው ለዚህ ነው። ገደሉን የወረደችው፣ በረዶ የተደበደበችው ለዚህ ነው።

«አልሄድም እማ» አለች ኢልሀም። «ገና ለሳምንታት ትጠብቃቸዋለች። ይህን ነው የማጠናው። ስንቴ ልነግርሽ ጀመርኩ! አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ አስጨርሰሽኝ ታውቂያለሽ?»

ነጋሳ እንደገና ጮኸ፤ ፋሩቅ ከጎኑ ቆሞ ሾላውን መለስ ብሎ አየው። ሽፋ ያን አስተያየት አየች።

«ይሄ ሰው ቦታውን ያውቃል» አለች። «በእኔ አፍ መላው አምቦ ያውቃል። ስትተኚ ማን ያያቸዋል?» አንጓዋን ለቀቀች። «ኦቦ ነጋሳ! ይዘውት ይሂዱ! እኔ እዚህ ነኝ!»

ሁለቱ ሰዎች በደረታቸው ውሃ እየቀዘፉ ተሻገሩ። ብዙም ሳይቆይ ያም መንገድ ተዘጋ።

አዞዋ ከወንዙ ዳር፣ ጎርፉ በማይደርስበት ኩሬ ውስጥ ገብታለች። ልጆቿ ጀርባዋና ጭንቅላቷ ላይ ተደርድረዋል። እናትና ልጅ ዓለቱ ላይ ጎን ለጎን ተኙ፤ የሽፋ ጉልበት እየደማ ነው፣ ሆዷም ባዶ ነው፣ ንዴቷም ገና አልበረደም።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለች።

ኢልሀም ጀመረች። ሽፋ ሁለት ጊዜ ልታቋርጣት አፏን ከፍታ፣ ሁለት ጊዜም የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ኢልሀም እንቁላሎቹን ስታገኝ፣ ብቻዋን የመጀመሪያውን ቀን እዚህ ስትቀመጥ፣ ፈርታ ልትመለስ ስትል የሆነውን ሁሉ ተናገረች።

«ከዚያስ?» አለች ሽፋ፣ በሹክሹክታ።